«አፍ የለኝም፤ ማርኬቲንግ ልተወው?»

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? 20 ዓመቴ ነው። የኩታበር ልጅ ነኝ፤ አሁን ደሴ አክስቴ ጋ ሆኜ እማራለሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ቴክኒክና ሙያ ተመዘገብኩ፤ የደረሰኝም ማርኬቲንግና ሽያጭ ነው፣ ደረጃ 3። አባቴ በስልክ ባወራን ቁጥር «መሸጥም ትምህርት ሆነ? አክስትሽ ኮሌጅ ደጃፍ ሳትደርስ ሃያ ዓመት ሸጣ የለ!» ይለኛል። አሰልጣኙ ማስታወሻ ያስጽፈናል፤ እኛ እንጽፋለን፤ አለቀ። ለትብብር ስልጠና የተመደብኩበት ድርጅት ደግሞ ወለል ከማስጠረግና ሻይ ከማስመጣት ሌላ ምንም አላሳየኝም። ከሁሉ የባሰው ግን እኔ አፍ የለኝም። ሰው ፊት ስቆም ልቤ ይመታል፤ ሻጭ ደግሞ ምላሰኛ መሆን አለበት ይላሉ። ጓደኛዬ አካውንቲንግ ነው የምትማረው፤ «ባንክ ትገቢያለሽ፣ ቀይሪ» ትለኛለች። ሲኦሲው (የብቃት ምዘናው) ሦስት ወር ቀርቶታል። ልቀይር ወይስ ልቀጥል?

ፋ. ነኝ፣ ከደሴ

(ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።)

አብሽሪ ፋ.። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እዚህ ባሳጥረውም ሙሉው እኔ ጋ አለ፤ ስለ ኮሌጁ የጻፍሽው አራት መስመር ነው፣ ስለ አክስትሽ ሱቅ ግን አንድ ገጽ ሙሉ። የትኛዋ ሴት ሻሽ ስትመርጥ ደጅ ወጥታ በፀሐይ እንደምታይ፣ የትኛዋ ከእህቷ ጋር ከመጣች እንደማትገዛ፣ ዒድ ስንት ቀን ሲቀረው የልጆች ልብስ እንደሚያልቅ፣ ሁሉንም ነግረሽኛል። ይህን ሁሉ ያየሽው ባንኮኒው ጥግ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ ነው። እሱን ይዘሽ ቆዪኝ፤ እመለስበታለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አትቀይሪ። ቢያንስ ከምዘናው በፊት አትቀይሪ። ሳትመርጪው መግባትሽም አያሳፍርም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀረው ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ ነበረበት፣ ብዙውም እንዳንቺ የደረሰውን ነው የያዘው። እኔም ብሆን ሽያጭ የገባሁት መካኒክ ልሁን ብዬ ጋራዥ ለጋራዥ ዞሬ የሚቀበለኝ ስላጣሁ ነው።

አሁን አባትሽ። ከተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። አክስትሽ ሳይማሩ ይሸጣሉ፣ በደንብም ይሸጣሉ። ሥርዓቱ ራሱ ይህን ያውቃል፤ የብቃት ምዘናው ኮሌጅ የተማረውን ብቻ አይመዝንም፣ ሥራውን በልምድ የቻለ ሰውም ተመዝግቦ ይመዘናል፣ ካለፈም የምስክር ወረቀቱን ይይዛል። ስለዚህ አክስትሽም ቢፈልጉ መመዘን ይችላሉ። ይህን ለአባትሽ ስትነግሪያቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ «ታዲያ አንቺ ምን ልትማሪ ነው የሄድሽው?» ይላሉ። ያኔ ብዕርና ወረቀት አውጪ።

እንበል አክስትሽ አንድ ቀሚስ ከመርካቶ በ1,200 ብር አመጡ፤ በ1,500 ሸጡት። ስንት አተረፉ? ፒያሳ ያለ ነጋዴ ሁሉ «300፣ ሃያ አምስት በመቶ» ይልሻል። በመግዣው ካሰላነው ልክ ነው፤ 300 ለ1,200 ሲካፈል 25 በመቶ ይመጣል። በመሸጫው ካሰላነው ግን 300 ለ1,500 ነው፣ 20 በመቶ። ሁለቱ የተለያየ ስም አላቸው፤ የመጀመሪያው ማርክአፕ፣ ሁለተኛው ማርጅን ይባላል፣ ሰልጣኞችም ፈተና ላይ አንዱን ባንዱ እየቀየሩ ነጥብ ይጥላሉ። ገና አላለቀም። ቀሚሱ ከመርካቶ በእግሩ አልመጣም። የጭነትና የተሸካሚ 60 ብር ጨምሪበት። አሁን ሱቅ እስኪደርስ 1,260 ፈጅቷል፤ ትርፉ 240 ነው፣ ከመሸጫው 16 በመቶ። ከ25 ተነስተን 16 ደረስን፣ ኪራይ እንኳን ገና አልነካንም።

ኪራዩ በወር 12,000 ነው እንበል። ለ240 ስታካፍይው 50 ይመጣል። በወር 50 ቀሚስ እስኪሸጥ ድረስ አክስትሽ የሚሠሩት ለአከራያቸው ነው ማለት ነው። አሁን አንዷ ደንበኛ ትመጣና «የመጨረሻው ስንት ነው?» ትላለች። አክስትሽም ሰው ናቸው፤ 150 ይቀንሱላታል። ከ1,500 ላይ አሥር በመቶ ናት፣ ምንም አትመስልም። ትርፉ ግን ከ240 ወደ 90 ወረደ። ለሁሉም እንዲህ እየቀነሱ ከሸጡ ያንኑ 12,000 ብር ለማውጣት 134 ቀሚስ ያስፈልጋቸዋል። ከ50 ወደ 134! በወር 26 ቀን ሱቅ ቢከፈት፣ በቀን ሁለት ይበቃ የነበረው ከአምስት በላይ ሆነ። መብራቱን፣ ግብሩን፣ የራሳቸውን ድካም አልቆጠርንም።

እኔ ይህቺን ስሌት ያወቅኳት ከከሰርኩ በኋላ ነው። የራሴን ሱቅ ከፍቼ ሳሙና በጅምላ እሸጥ ነበር፤ ከጎረቤቴ ዋጋ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ሰው ይሰለፍልኛል፣ ደስ ይለኛል፣ ማታ ማታ ብሩን እየቆጠርኩ ሀብታም የሆንኩ ይመስለኛል፣ በሰባተኛው ወር ዕቃ ማምጫ አጣሁ። ሱቁ በሰው ሞልቶ ነው የከሰርኩት። እስካሁን የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

አክስትሽ ይህን በደም ሥራቸው ያውቁታል። «ከዚህ በታች አያዋጣኝም» ሲሉ የሆነ ቁጥር ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ። ትምህርቱ ያን ቁጥር ወረቀት ላይ ያወጣዋል። ጥቅሙ ምንድን ነው ካልሽ፣ ኪራይ ሲጨምር ወይም የመርካቶ ዋጋ ሲንር ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ቁጭ ብሎ መቀየር ይቻላል፤ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግን ያምናውን እንደያዘ ይቀራል፣ ሰውም «ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ገበያው እያለ ብሩ የለም» ይላል። አባትሽን 50ና 134ን አሳዪያቸው። ሌላ ክርክር አያስፈልግሽም።

ወደ አፍሽ እንምጣ።

ሻጭ ምላሰኛ መሆን አለበት ያለሽ ሰው ሸጦ አያውቅም። እኔ ምላሰኛ ነበርኩ፣ ለዚያውም አንደኛ። ለአንድ የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋይ ተቀጥሬ ናሙና ተሸክሜ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ እዞር ነበር። አንድ ሰኞ ባቲ ወረድኩ። የባቲን ሰኞ ካላየሽው እንዴት ብዬ ልንገርሽ፤ አፋሩ ከቆላው፣ ኦሮሞው ከዙሪያው፣ አማራው ከደጋው ግመሉንም ፍየሉንም ቅቤውንም ይዞ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል፣ ሙቀቱ ደግሞ በደሴ ብርድ ልክ ለብሶ ለወረደ ሰው ቅጣት ነው። ላቤን እየጠረግኩ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሱቅ ገባሁና ጀሪካን አወጣሁ። አዲስ የመጣ፣ ሆዱ ክብ የሆነ፣ ወፍራም ጀሪካን። ግማሽ ሰዓት አወራሁ። ስለ ፕላስቲኩ ውፍረት አወራሁ፣ መሬት ላይ ወርውሬ አሳየሁ፣ ወጥቼ ቆምኩበት፣ ዋጋ ቀነስኩ፣ ደግሜ ቀነስኩ። ሽማግሌው ቡናቸውን ፉት እያሉ ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ግመል ጭነህ ታውቃለህ?»

አላውቅም አልኳቸው።

«ክብ ነገር ግመል ጎን ላይ አይቀመጥም ልጄ። ይሽከረከራል፣ ገመዱም ይላላል። የኔ ገዢ ውሃውን የሚጭነው በግመል ነው።»

መጋዘናችን ውስጥ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ጀሪካን ሞልቶ ነበር። ዋጋውም ያንሳል። በሚቀጥለው ሰኞ እሱን ይዤ ወረድኩ፤ ሁለት ቃል ሳልናገር ወሰዱልኝ። የመጀመሪያው ቀን «ከርስዎ የሚገዛው ማነው? በምንስ ይጭነዋል?» ብዬ ብጀምር ኖሮ አንድ ሳምንትና አንድ የመኪና ኪራይ ይተርፈኝ ነበር።

አሰልጣኝሽ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ማስተዋወቅ ብሎ ያስጻፋችሁን አራት ቃል አውቀዋለሁ። ማካርቲ የሚባል አሜሪካዊ መምህር በ1960 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ላይ ያሰፈረው ነው። ለሸመደደው ሰው እንደሱ አሰልቺ ነገር የለም። ባቲ ላይ አስቀምጠሽ እይው ግን። የኔ ችግር የነበረው ምርቱ ላይ ነው፤ ጀሪካኑ ለግመል አይሆንም። እኔ ደግሞ ዋጋ እየቀነስኩና እየለፈለፍኩ ነበር፣ ማለትም ዋጋውንና ማስተዋወቁን እየነካካሁ፣ ያልተበላሸውን እየጠገንኩ። ከዚህ በኋላ አራቱን ቃል ፈተና ላይ ስታገኚያቸው ግመሉን አስቢ።

ስለዚህ ልቤ ይመታል የምትይው ይምታ። ደንበኛዋ አትሰማውም። ለአንቺ የሚያስፈልጉሽ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ «ለማን ነው?»፣ «ለመቼ ነው የፈለጉት?»፣ «እስካሁን የለበሱት የቱ ተስማማዎት?» አንዱን ጠይቀሽ ዝም በይ። ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ ያወራል፣ መስማት ደግሞ አንቺ የምትችይው ሥራ ነው። ወሎ መሆንሽም ይጠቅምሻል እኮ። እኛ ዘንድ ማንም ሱቅ ገብቶ ዕቃውን አይጠይቅም፤ ደህና አደራችሁ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ያቺ የታመመችውስ ተሻላት፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ቀሚስ የሚነሳው። ሌላ አገር ያለ ሻጭ ይህን በስልጠና ነው የሚማረው፣ አንቺ ግን ያደግሽበት ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ አንዷን ጥያቄ መጨመር ብቻ ነው የቀረሽ።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥሽ። አንድ ደብተር ግዢና ባንኮኒው ሥር አስቀምጪ። ሱቅ ስትሆኚ የመጣውን ሰው ሁሉ በአንድ መስመር ጻፊ፤ ምን ጠየቀች፣ ገዛች ወይስ ሄደች፣ ከሄደች ለምን። ስም አትጻፊ፣ አያስፈልግም። የተሸጠው ዕቃ ማታ ብሩ ሲቆጠር ራሱ ይናገራል፤ ጠይቃ የሄደችው ሴት ግን ምንም ምልክት ትታ አትሄድም፣ ሱቅ የሚጎዳውም በእሷ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ «ትልቅ ቁጥር የላችሁም?» ብለው የሄዱት አሥራ ምናምን ሆነው ልታገኚያቸው ትችያለሽ፣ አክስትሽ ግን ሁለት ወይም ሦስት ይመስሏቸዋል። ኮሌጁ የገበያ ጥናት እያለ የሚያስጽፋችሁ ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቁጥሩን ካምናው ወር ጋር ስታወዳድሪ የወሎን ገበያ እንዳትረሺ፤ የኛ ገበያ በሁለት የዘመን አቆጣጠር ነው የሚሄደው። ጥር የሰርግ ነው፣ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ነው፣ እነዚህ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ረመዳንና ዒድ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ። ስለዚህ አምና መጋቢት ላይ ብዙ ልብስ ሸጠን ዘንድሮ መጋቢት ላይ ቀነሰ ብሎ ገበያው ሞተ ማለት አይቻልም፤ ዒዱ ወደ የካቲት አልፎ ሊሆን ይችላል። ወርን ከወር ጋር ሳይሆን የዒድን ሳምንት ከዒድ ሳምንት ጋር ነው የሚያወዳድሩት። ይህን ምዘና ላይ በምሳሌ ብትጽፊው መዛኙ ቀና ብሎ ያይሻል።

የትብብር ስልጠናው ነገር አናዶኛል። የሙያ ስልጠና የሚባለው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ተብሎ የታሰበ ነው፤ ወለል መጥረግ ከ70ው ውስጥ እንዲገባ ግን ማንም አላሰበም። ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ተምራችኋል አይደል? አምስቱ «ማ» የሚባሉትን፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ማጽዳት ከአምስቱ አንዷ ናት፤ አንቺን በእሷ ብቻ አስረውሻል። ግን ደግሞ ልንገርሽ፣ ብዙ ጊዜ ድርጅቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ምን እንደሚያሠራሽ አያውቅም፣ ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ዝም ብላ የቆመች ልጅ ሲያይ «ሻይ አምጪልኝ» ነው የሚመጣለት። እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ኮሌጁ ውስጥ የትብብር ስልጠና አስተባባሪው ጋ ሂጂና ከድርጅቱ ጋር የተፈራረሙትን የስልጠና ዕቅድ አሳዩኝ በይ። ዕቅዱ ውስጥ ምን ምን መለማመድ እንዳለብሽ ተጽፏል። ከዚያ ድርጅቱ ውስጥ ያለውን ኃላፊሽን ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ሳይበዛበት፣ አንድ የተለየ ነገር ጠይቂው። «አስተምረኝ» አትበይው፣ ያ ሸክም ነው። «ዛሬ መጋዘን ቆጠራውን ልሥራልዎት?» በይው። «የመጣውን ዕቃ ከደረሰኙ ጋር ላመሳክር?» በይው። እምቢ የሚል የለም፣ የማይወደውን ሥራ ነው የምትወስጂለት። የሠራሽውን በዕለቱ መዝገብሽ ላይ ጽፈሽ አስፈርሚ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሦስት ወር ፊርማ አንድ ላይ የሚለምን ሰልጣኝ አትሁኚ።

ሲኦሲው። ሦስት ወር በቂ ነው። አሰልጣኝሽን የሙያ ደረጃውን ሰነድ፣ ኦኤስ የሚሉትን፣ ስጠኝ በይው። ምዘናው የሚወጣው ከማስታወሻሽ አይደለም፣ ከዚያ ሰነድ ነው። እያንዳንዱ ብቃት ምን ምን መሥራት እንደሚጠይቅ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል፤ የምትችይው ጎን ምልክት አድርጊ፣ ባዶ የቀረው ላይ ጊዜሽን ጨርሺ። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም አለው፤ ውጤቱም መቶኛ አይደለም፣ ወይ ብቁ ነሽ ወይ ገና ነሽ። ለቀጣዩ ደረጃም እሱን ማለፍ አለብሽና አትናቂው። ተግባሩ ላይ ብዙ ልጅ የሚወድቀው ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን ደረጃ እየዘለለ ነው፤ ደንበኛውን ሳይጠይቅ ዕቃ ያሳያል፣ ዕቃ ሸጦ ደረሰኝ ይረሳል። አክስትሽን ደንበኛ አድርገሽ፣ ስልክሽ ላይ ሰዓት ከፍተሽ፣ ማታ ማታ ተለማመጂ። አስቸጋሪ ደንበኛ እንዲሆኑልሽ ለምኛቸው፤ ሃያ ዓመት ያዩትን ተንኮል ሁሉ ያመጡልሻል።

ስሌት ላይ አንዲት ወጥመድ ላሳይሽ። ቫት 15 በመቶ ነው። ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር የሆነ ዕቃ ሲሰጥሽ ቫቱ ስንት ነው? 1,150ን በ15 በመቶ ካባዛሽ 172.50 ይመጣል፣ ስህተት ነው። ለ1.15 አካፍይው፤ ዋጋው 1,000፣ ቫቱ 150። በቃ።

አካውንቲንጉን በተመለከተ፦ ጥሩ ሙያ ነው፣ ጓደኛሽ ግን እሷ ስላለች ብቻ አትከተያት። ቁጥር ከወደድሽ ከምዘናው በኋላ አጭር ስልጠና ጨምሪበት፤ የምትሸጥም ሒሳብ የምታውቅም ልጅ ካለች ቀጣሪ አይለቃትም። ባንክ ደግሞ ገንዘብ አስቀማጭ የሚያመጣ ሰው ነው የሚፈልገው፤ ያም ሽያጭ ነው፣ ሌላ ስም ሰጥተውት ነው እንጂ።

ሥራውን ግን አሳምሬ አልነግርሽም። መነሻው ደሞዝ ትንሽ ነው። ብዙ ማስታወቂያ ዲግሪ ይላል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ እዚያ ቢራው አለ፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ የተመረተውንም ከባቲ እስከ ቆቦ የሚያደርሱ አከፋፋዮች አሉ፤ እኔ ብሆን ቢሮ ከመጠበቅ የነሱን በር ነው የማንኳኳው። ስትቀጠሪ «ደሞዝ ሲደመር ኮሚሽን» ይሉሻል። እዚህ ጋ ቆም በይ። ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከተሸጠው ነው ወይስ ከተሰበሰበው? በደንብ ጠይቂ፣ በጽሑፍም ያዢ። እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ አንድ ዓመት ሙሉ በዱቤ ሸጬ፣ ገዢው ሲጠፋ ኮሚሽኑ ቀርቶ የጎደለውን ከደሞዜ ቆርጠውብኛል። ከዚያ በኋላ ዱቤ ከመስጠቴ በፊት የሰውየውን መደርደሪያ ነበር የማየው፤ አቧራ የጠጣ ዕቃ የበዛበት ሱቅ ገንዘቡ ዕቃው ላይ ታስሯል፣ ልክፈልህ ቢልም ከየት አምጥቶ። አክስትሽ የዱቤ ደብተር ካላቸው እሱንም አብረሽ እዪው፤ ማን በስንት ቀን እንደሚከፍል ብታወጪው አክስትሽ ራሳቸው ይገረማሉ።

ደግሞ ቴሌግራም ላይ የአክስትሽን ልብስ መሸጥ መጀመርሽን ጽፈሻል። ጎበዝ! ግን ፎቶው ሥር «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለሻል። ለምን? ሰው ዋጋ ለማወቅ መለመን የለበትም፤ ግማሹ አይጽፍልሽም፣ አልፎ ይሄዳል። ነጋዴ ዋጋውን እንዲያሳይ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ 813/2006 ራሱ ያዛል። አንቺ ደግሞ አይናፋር ነሽ፣ ዋጋውን ብትጽፊው ከሰባት ሰው ጋር ከመመላለስ ትድኛለሽ እኮ።

ደብተሩን ሁለት ሳምንት ሞክሪውና ጠይቀው የሄዱት ስንት እንደሆኑ ጻፊልኝ፤ የምር ማወቅ እፈልጋለሁ። ለአክስትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ያቺ ሻሽ ይዛ ደጅ የምትወጣዋ ሴትዮ ደግሞ የምትፈልገው ብርሃን ነውና፣ መስታወቱን ከጓዳው በኩል አንስታችሁ ወደ በሩ አዙሩላት።